ኮምፒውተሩ ለሳይንስ፣ ደረሰኙ በአያቴ ስም

አሜሪካ፣ ቨርጂኒያ ያለው የአክስቴ ልጅ በየዓመቱ መጋቢት ላይ ይነጫነጫል። የግብር ማሳወቂያቸው ወቅት ነው። ዘንድሮ ግን ከብስጭት ይልቅ ሐሳብ ይዞ መጣ። በቴሌግራም ድምፁን ላከልኝ። «ስማማ፣ ያ ላፕቶፕህ አሁንም ሌሊት ሌሊት ይሠራል? እኔም ጀመርኩልህ። እዚህ እኮ የመብራቱን ወጪ ከግብር ማስቀነስ ይቻላል የሚሉ አሉ። አንተስ ደሴ ላይ ለምን አትሞክራትም?»

መጀመሪያ ሳቅሁ። እኛ ቤት የመብራት ደረሰኝ በማን ስም እንደሚመጣ እሱም ያውቃል። ቆይቼ ሳገላብጠው ግን ጥያቄው ቀላል ሆኖ አላገኘሁትም።

ለማያውቀው ነገሩን ላስረዳ። ኮምፒውተር አብዛኛውን ጊዜ ሥራ ፈት ነው። ጽፈን፣ ፊልም አይተን፣ ፌስቡክ ጎርጉረን ስንነሳ ማሽኑ ባዶውን ይቀመጣል። ይህን ሥራ ፈትነቱን ለሳይንስ ማዋስ ይቻላል። ቦይንክ የሚባል ነጻ ሶፍትዌር አለ፤ የተሠራው በርክሌይ ባለው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ነው። አንድ ትልቅ ስሌት ተቆራርሶ በኢንተርኔት ይላክልናል። ማሽናችን የደረሰውን ቁራጭ ሠርቶ ይመልሳል፣ ሌላ ይቀበላል። ክፍያ የለውም።

ወሎ ውስጥ ይህን ለገበሬ ማስረዳት አይከብድም። ደቦ ነው። አንድ ልዩነት ግን አለው። በደቦ ጠላውንና ንፍሮውን የሚያቀርበው ባለ እርሻው ነው። እዚህ ሠራተኛው ስንቁን ከቤቱ ይዞ ይመጣል። ስንቁ ደግሞ መብራት ነው። የአክስቴ ልጅ ጥያቄ እንግዲህ «የስንቄን ዋጋ መንግሥት ከግብሬ ላይ ይተውልኝ» ነው።

ደቦው ትንሽ አይደለም። እ.ኤ.አ. በግንቦት 1999 ሴቲ አት ሆም የሚባለው ፕሮጀክት ሲጀመር ሥራው ከሕዋ በመጣ የሬዲዮ ሞገድ ውስጥ የሌላ ፍጡር ምልክት መፈለግ ነበር። ከ5 ሚሊዮን በላይ ሰው ተሳትፎበት እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2020 አዲስ ሥራ ማከፋፈል አቆመ። በዚያው ሰሞን ኮሮና ገብቶ ነበርና ሕዝቡ ወደ ፎልዲንግ አት ሆም ጎረፈ። የፕሮቲኖችን አጣጣፍ የሚያሰላው ይህ ፕሮጀክት በጥቂት ሳምንት ውስጥ በወቅቱ አንደኛ የነበረውን የዓለማችን ሱፐር ኮምፒውተር በልጦ ተገኘ። ሳሎን ውስጥ ያለ ኮምፒውተር ተሰብስቦ ማለት ነው።

እኔን የሳበኝ ግን የዝናቡ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 ወርልድ ኮሚዩኒቲ ግሪድ በሚባለው መድረክ ላይ ከሰሃራ በታች ያለውን የአፍሪካ ዝናብ በአንድ ኪሎ ሜትር ስፋት እየከፋፈለ የሚያሰላ ፕሮጀክት ተጀመረ። የጀመሩት ኔዘርላንድ ያሉ የዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ናቸው። የወሎ ሰው ዝናብ ሲባል ጆሮው ይቆማል። በልግ ሲቀር ደጋው ምን እንደሚሆን፣ 66ን እና 77ን ያዩ ሽማግሌዎች ይነግሩናል። ከዚያ በፊት ደግሞ የስዊዝ ተመራማሪዎች የወባን ስርጭት በዚሁ መንገድ ያሰሉ ነበር። ወባ ለቆላው ሰው ምን እንደሆነች ልንገራችሁ አልልም።

ወደ ስንቁ እንመለስ። ስንት ይበላል?

ዋት መለኪያ የለኝም። ቆጣሪው ግን አለ። ዲጂታሉ ቆጣሪ ላይ አንዲት ቀይ መብራት ትብለጨለጫለች፤ አጠገቧ የኛው ላይ 1000 የሚል ቁጥር ተጽፏል። አንድ ኪሎዋት ሰዓት ሲበላ 1,000 ጊዜ ብልጭ ትላለች ማለት ነው። አንድ ማታ ቤተሰቡ ሲተኛ ፍሪጁን ነቀልኩ፣ አምፖሉን ሁሉ አጠፋሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ በረንዳ ላይ ቆጣሪው ሥር ቆምኩ። የደሴን ብርድ የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ቀልድ አያውቅም። ላፕቶፑ ተከፍቶ ሥራ ሳይሠራ በ3 ደቂቃ አንዴ ብልጭ አለች። ቦይንክን ሳስነሳው በ72 ሰከንድ አንዴ ሆነች። ስሌቱ ቀላል ነው። 3,600ን በሰከንዱ ስናካፍል ዋቱ ይመጣል። መጀመሪያ 20 ዋት፣ ኋላ 50 ዋት። ሳይንስ የበላው ልዩነቱን 30 ዋቱን ነው።

ይህ ልዩነት የነገሩ ሁሉ ቁልፍ ነው። ጠቅላላው 50 ዋት ለሳይንስ አልወጣም። ላፕቶፑ ያለ ቦይንክም ተከፍቶ የሚያድር ከሆነ 20ው መበላቱ አይቀርም ነበር።

እኔ ከምሽቱ 3 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ነው የማሠራው፣ 10 ሰዓት። በቀን 0.3፣ በወር 9 ኪሎዋት ሰዓት ይሆናል። በምጣድ እንለካው። የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ቢስብና አንድ ተኩል ሰዓት ቢጋገርበት 5.25 ኪሎዋት ሰዓት ይወስዳል። የኔ የወር ሳይንስ እንግዲህ ሁለት ጊዜ የእንጀራ ጋገራ አይሞላም። ግራፊክስ ካርድ ያለው ትልቅ ዴስክቶፕ ግን ሌላ ነው። 100 ዋት ብቻ ጨምሮ 24 ሰዓት ቢሠራ በወር 72 ኪሎዋት ሰዓት ነው። 14 ጊዜ ገደማ መጋገር ማለት ነው። እዚህ ላይ እናት ብትቆጣ አይፈረድባትም።

ያም ሆኖ ታሪፉ እንደ ድሮው አይደለም። ከመስከረም 2017 ጀምሮ የመብራት ዋጋ በየሦስት ወሩ እየተስተካከለ፣ በአራት ዓመት ውስጥ ደረጃ በደረጃ እንዲያድግ ተወስኗል። የመኖሪያ ቤት ታሪፍ ደግሞ በእርከን ነው፤ ፍጆታው በጨመረ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋ ከፍ ይላል። ስለዚህ ለሳይንስ የምንጨምራት መብራት ከሁሉም ርካሿ አይደለችም፤ ከላይ የምትደረብ ናት። ከላይ የተደረበ ደግሞ ውድ ነው።

አሁን የአክስቴ ልጅ ዘንድ እንሂድ። የአሜሪካ የግብር ሕግ ለበጎ አድራጎት የሚሰጥን ነገር ለይቶ ያያል። ጉልበትና ጊዜ አይቀነስም። ሐኪም ነጻ ቢያክም የሕክምናውን ዋጋ ከግብር አያስቀንስም። ንብረትን ማዋስም አይቀነስም፤ ቤቴን ለድርጅት በነጻ አስጠቀምኩ ብሎ የኪራዩን ዋጋ መጠየቅ አይቻልም። በዚህ ሚዛን የኮምፒውተሩ «ኪራይ» ገና በሩ ላይ ወደቀ።

አንድ ቀዳዳ ግን አለች። በጎ ፈቃደኛ ለሚያገለግለው ድርጅት ሲል ከኪሱ ያወጣው ገንዘብ ይቀነሳል። አራት ነገር ግን ይጠየቃል፦ ወጪው ያልተመለሰለት መሆኑ፣ ከአገልግሎቱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ መሆኑ፣ አገልግሎቱ ባይኖር ኖሮ የማይወጣ መሆኑና የግል ወይም የቤተሰብ ወጪ አለመሆኑ። ለድርጅቱ ሥራ መኪና የነዳ ሰው በማይል 14 ሳንቲም የሚታሰብለትም በዚሁ መንገድ ነው። ማሽን አስነስቶ መተኛት «አገልግሎት» ይባላል ወይ? እዚህ ላይ ነው ክርክሩ። እኔ ዳኛ ብሆን ያቅማማኛል። ሰውየው ተኝቷል እኮ።

እሺ ይባላል እንበል። ተቀባዩ ደግሞ ሕጉ የሚያውቀው ድርጅት መሆን አለበት። የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ችግር የለም። ውጭ አገር ያለ ተቋም ከሆነ ግን አብዛኛውን ጊዜ አይሆንም። ማስረጃም ይፈለጋል። ቦይንክ ላይ ያሉ ፕሮጀክቶች ለሠራነው ሥራ ነጥብ ይሰጣሉ፤ የምስክር ወረቀት ማተምም ይቻላል። የነጥቡ መለኪያ ስሙ ማን ቢባል ጥሩ ነው? ኮብልስቶን! ሴቲ አት ሆም ላይ ይሠራ በነበረ ጄፍ ኮብ በሚባል ሰው ስም ነው የተሰየመው። የኛ አገር ወጣት ስንት ዓመት ኮብልስቶን ሲጠርብ ኖሯል፤ ይኸኛው ድንጋዩም፣ አበሉም የለው። ወረቀቱ ስንት ስሌት እንደሠራን ይናገራል። ስንት ኪሎዋት ሰዓት እንዳወጣን ግን አይናገርም። ለግብር የሚፈለገው ደግሞ ሁለተኛው ነው።

ሌላም አለ። እንደ ቢትኮይን ያለ የዲጂታል ሳንቲም የሚሸልሙ መንገዶች አሉ፤ ግሪድኮይን አንዱ ነው። እሱን የተቀበለ ሰው «ለበጎ አድራጎት ብዬ» ማለቱን ቢተው ይሻለዋል። ጥቅም አግኝቷላ። ሰፈር ውስጥ ማራገቢያው ሲጮህ የሰማ ሁሉ «ቢትኮይን ነው አይደል?» የሚለኝም ለዚህ ነው። አይደለም እላለሁ፤ ማንም አያምነኝም።

ትርፉን ደግሞ እንይ። የአክስቴ ልጅ ማሽን ዴስክቶፕ ነው። በወር 72፣ በዓመት 864 ኪሎዋት ሰዓት። አንዱን ኪሎዋት ሰዓት በ17 የአሜሪካ ሳንቲም ብናስበው 147 ዶላር ገደማ። ይህ የሚቀነሰው ከገቢው ላይ እንጂ ከግብሩ ላይ አይደለም። የግብር ምጣኔው 22 በመቶ ከሆነ ኪሱ ውስጥ የሚቀረው 32 ዶላር ነው። እሱም በእ.ኤ.አ. 2025 ደንብ፣ ወጪዎቹን አንድ በአንድ የሚዘረዝር ከሆነ ብቻ። አብዛኛው አሜሪካዊ አይዘረዝርም፤ ሕጉ ያለ ጥያቄ የሚተውለትን ቁርጥ ተቀናሽ ይወስዳል። ይህ ለእ.ኤ.አ. 2025 ላላገባ ሰው 15,750 ዶላር ነው። 147 ዶላሯ እዚያ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች።

የሚያስቀው ነገር፣ ዝርዝሩ የሚሞላበት የአሜሪካ ቅጽ ስኬጁል ኤ ይባላል። እኛም ሠንጠረዥ ሀ አለን። ስማቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል።

የኛ ሠንጠረዥ ሀ የደመወዝተኛው ነው። በገቢ ግብር አዋጅ ቁጥር 979/2008 መሠረት ቀጣሪው ግብሩን ደመወዙ ገና ከእጁ ሳይወጣ ቀንሶ ያስገባል። ሠራተኛው ዓመቱ ሲያልቅ ቅጽ ሞልቶ «ይህን አውጥቻለሁ፣ ቀንሱልኝ» የሚልበት ቦታ የለውም። ለሥራው የታክሲ ቢከፍል፣ የራሱን ላፕቶፕ ቢጠቀም፣ አይቆጠርም። በ2017 አዋጁ ሲሻሻል ከግብር ነጻ የሆነው የወር ደመወዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ አለ፤ 35 በመቶ የሚከፈለውም ከ14,000 ብር በላይ ባለው ላይ ሆነ። ማሻሻያው ምጣኔውን ነካ እንጂ የተቀናሽ በር አልከፈተም። ክልሉም የራሱ የገቢ ግብር ሕግ ቢኖረው አካሄዱ የፌዴራሉን የተከተለ ነው። ስለዚህ ደሴ፣ ኮምቦልቻም ሆነ ወልድያ ያለ መምህር፣ ነርስ፣ የባንክ ሠራተኛ መልሱን በአንድ ቃል ያገኛል። የለም።

ነጋዴውስ? ፒያሳ አካባቢ ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ያለው አንድ ወዳጅ አለኝ። ሦስት ኮምፒውተር አለው። ማታ ሱቁን ሲዘጋ ሦስቱም በሬዲዮ ሞገድና በፕሮቲን ላይ ይሠሩ ነበር። እኔ ነኝ ያስለከፍኩት። ቡና እየጠጣን፣ «የሱቁ መብራት ወጪ ሆኖ ይያዝልኛል፤ አንድ ላይ ነው የሚመጣው፤ ማን ይለየዋል?» አለኝ።

ማንም ላይለየው ይችላል። ሕጉ ግን ይለየዋል። በነጋዴው ሠንጠረዥ፣ በሠንጠረዥ ሐ፣ የሚቀነሰው የንግድ ገቢውን ለማግኘትና ንግዱን ለማስቀጠል የወጣ አስፈላጊ ወጪ ነው። ሌሊት ለዋክብት ጥናት የነደደ መብራት አንድ ገጽ ፎቶ ኮፒ አላመጣም። አንድ ላይ በመጣ ደረሰኝ ውስጥ መደበቁ የንግድ ወጪ አያደርገውም። «ልገሳ ነው» ቢልስ? ልገሳም ይቀነሳል፣ እስከ ግብር የሚከፈልበት ገቢ 10 በመቶ ድረስ። ግን የሚቀነሰው ለኢትዮጵያ በጎ አድራጎት ድርጅት የተሰጠ ወይም መንግሥት ለአደጋና ለመሰል ጉዳይ ባቀረበው ጥሪ የተሰጠ ሲሆን ነው። በርክሌይና ዴልፍት እዚህ ውስጥ የሉም። የሂሳብ መዝገብ የማይዝ፣ በሽያጩ ግምት የሚከፍል ትንሽ ነጋዴ ደግሞ ከነጭራሹ ወጪ የሚያስመዘግብበት መስመር የለውም።

ወዳጄ ዝም ብሎ ሲኒውን አዞረ። «እንግዲያው የመብራቱን ያህል ብር ደሴ ላለ የሕፃናት ድርጅት ብሰጥና ደረሰኝ ባመጣ ይያዝልኛል?» አለ። ድርጅቱ በሕግ የተመዘገበ ከሆነ፣ አዎ። ሕግ የሚያየው ደረሰኝ ያለውን ብር ነው። ቅሬ (እድር) ላይም እንዲሁ አይደል? መዋጮህ መዝገብ ላይ ካልሰፈረ «ከፍያለሁ» ብትል ማን ይሰማሃል?

አሁን በጣም የኛ ወደሆነው ጣጣ ልግባ። አሜሪካ ደረሰኝ በስምህ ነው የሚመጣው። እዚህ? እኛ ቤት ደረሰኙ የሚመጣው በአያቴ ስም ነው። አያቴ ካረፉ 11 ዓመታቸው። ነገ ሕጉ ተለውጦ «የሳይንስ መብራት ይቀነስ» ቢባል እንኳ ተቀናሹን የሚጠይቁት አያቴ ናቸው።

ተከራይ ሆነን ደግሞ እናስበው። አንድ ግቢ፣ አምስት በር፣ አንድ ቆጣሪ። ወሩ ሲያልቅ አከራይዋ እትዬ ደረሰኙን ይዘው በር በር ያንኳኳሉ። ሒሳቡ በአምፖል ወይ በሰው ይካፈላል። ፍሪጅ ያለው ትንሽ ይጨምራል። ከአምስቱ አንዱ ዴስክቶፑን 24 ሰዓት ለሳይንስ ቢያስነሳ የጨመረውን 72 ኪሎዋት ሰዓት የሚከፍለው ማነው? በእርከኑ ምክንያት የግቢው ዋጋ ሁሉ ከፍ ሊል ይችላል። ያቺ ጎረቤት ጀበናዋን በከሰል የምታፈላ፣ አንድ አምፖል ብቻ ያላት፣ ሳታውቅ ለፕሮቲን ጥናት አዋጣች ማለት ነው። በሰው ኪስ ጀባ ማለት ይባላል ይሄ። ከግብሩ ጥያቄ ይልቅ እኔን የሚከነክነኝ ይህ ነው። በጋራ ቆጣሪ ላይ ያላችሁ፣ ወይ ለግቢው ተናገሩና ድርሻችሁን ጨምሩ፣ ወይ ተዉት።

የመሥሪያ ቤትና የትምህርት ቤት ኮምፒውተርም ያው ነው። ላቦራቶሪ ሙሉ ማሽን ሌሊት ሥራ ፈትቶ ሲያዩ እጅ ያሳክካል። ግን ባለቤቱ ሳይፈቅድ መጫን ጣጣ አለው። አሜሪካ፣ ጆርጂያ ውስጥ አንድ የኮሌጅ ኮምፒውተር ባለሙያ እንዲህ ያለ ሶፍትዌር በተቋሙ ማሽኖች ላይ ጭኖ በወንጀል ተከሷል። እ.ኤ.አ. በ2002 ከእስር ቢተርፍም በገደብና በገንዘብ መቀጮ ነው የተለቀቀው። ፈቃድ በደብዳቤ ከተገኘ ግን ዩኒቨርሲቲ ከማናችንም የተሻለ ቦታ ነው።

ለአክስቴ ልጅ ይህን ሁሉ በድምፅ ላኩለት፤ ሰባት ደቂቃ ሆነ። ማታውኑ መለሰልኝ። ቁርጥ ተቀናሹን ነው የሚወስደው፤ ስለዚህ የሚያገኘው ዜሮ ነው። «ታዲያ ምን ያስነሳናል? አጥፋታ!» አለኝ። ማሽኑን ግን እሱም አላጠፋትም፤ ከጀርባው ስትጮህ ይሰማል።

እኔም አላጠፋሁም። የፕሮሰሰሩን ድርሻ ግን ግማሽ አድርጌዋለሁ፤ ቦይንክ ይህን ይፈቅዳል። መብራት ሲጠፋም ብዙ አልደነግጥም፤ ሥራው በየተወሰነ ጊዜ ራሱን ያስቀምጣል፣ ሲመለስ ካቆመበት ይቀጥላል። በ2014 ጦርነት ሰሜን ወሎ ለወራት ያለ መብራት ቆይቶ ስለነበር፣ ለሌላ የሚተርፍ መብራት መኖሩ ራሱ አንዳንዴ ይገርመኛል። በየወሩ ከመብራቱ ሒሳብ ላይ የዘጠኝ ኪሎዋት ሰዓቷን ብር ለእናቴ ለብቻ እሰጣታለሁ። ግማሽ ካደረግኩት ወዲህ ልቀንስ ብል አልሰማ ብላኛለች።

ቆጣሪውን ከአያቴ ስም ለማዛወርም አስቤያለሁ። እናቴ ግን «ምን አስቸኮለህ?» ትላለች።